ኪሎ ሲቀንስ «ማሻአላህ» ከማለታችን በፊት



ካሎሪ መቁጠር ግቢያችን ውስጥ ገብቷል። አንዱ ስልኩ ላይ መቁጠሪያ ጭኖ ከካፌ የተሰጠውን እንጀራና ሽሮ ይመዘግባል። ሌላዋ ረመዷን ሳይገባ «በዚህ ወር ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?» ብላ ታሰላለች። በዶርም ክርክር ሲነሳ ደግሞ መደምደሚያው አንድ ነው፦ «ከምታስገባው የምታወጣው ከበለጠ ትቀንሳለህ፤ አለቀ!»

የአባባሉን የመጀመሪያ ክፍል እቀበላለሁ። የማልቀበለው «አለቀ» የሚለውን ነው። ሒሳቡ ኪሎ እንደቀነሰ ይነግረናል፤ ለምን እንደቀነሰ ግን አይነግረንም። ይህ ልዩነት ለብዙዎቻችሁ የትምህርት ክርክር ሊመስላችሁ ይችላል። እንደኔ አብደራፊ ላደገ ሰው፣ ከመተማ፣ ከሽንፋ፣ ከቋራ ለመጣ ተማሪ፣ ወይም በክረምቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደዚያ ወርዶ ለሚመለስ ወንድም ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡ እስከ ምን ድረስ ይሄዳል?

በምግብ ዓለም ካሎሪ የምንለው በትክክለኛ ስሙ ኪሎካሎሪ ነው። አንድ ኪሎ ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚያስፈልግ ጉልበት ማለት ነው። ጉልበት ከምንም አይፈጠርም፣ የትም አይጠፋም። ስለዚህ ከሚበላው በላይ የሚያቃጥል ሰው ጎደሎውን ከራሱ አካል ያወጣል። ይህን የሚክድ ካለ ከፊዚክስ ጋር ይጣላ።

ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ማክስ ዊሽኖፍስኪ የተባለ ሐኪም አንድ ቀላል ስሌት አወጣ። ወደ ኪሎ ሲመነዘር፣ አንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል ማለት ነው። በቀን 770 ካሎሪ የቀነሰ ሰው በ10 ቀን አንድ ኪሎ ይቀንሳል ማለት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ የስልክ መቁጠሪያዎች የቆሙት በዚህ ወይም እሱን በመሰለ ስሌት ላይ ነው።

አሁን ይህን ስሌት በእውነተኛ ሰዎች ላይ እንሞክረው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ረሃብ አቆያቸው። መጀመሪያ በቀን 3,200 ካሎሪ ገደማ ይበሉ የነበሩት ወደ 1,570 ገደማ ወረዱ። በወረቀት ላይ በቀን 1,630 ካሎሪ ጎደለ ማለት ነው። ይህ በ168 ቀን ሲባዛና ለ7,700 ሲካፈል ከ35 ኪሎ በላይ መቀነስ ነበረባቸው። በሚዛን የቀነሱት በአማካይ ወደ 17 ኪሎ ብቻ ነው፤ ከ69 ኪሎ ወደ 53 ኪሎ የሚጠጋ።

ግማሹ የት ሄደ? ሕጉ አልተሻረም። ሰውነታቸው ረሃቡን ተረድቶ ወጪውን ቆጠበ። የሚያርፉበት ጊዜ ፍጆታ በከፍተኛ ደረጃ ወረደ፣ ብርድ ይሰማቸው ጀመር፣ እንቅስቃሴያቸው ዘገመ፣ ቀንም ሌትም ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ጀመር። ገቢው ሲቀነስ ወጪውም አብሮ ተለወጠ። በስልካችን ላይ የምንሞላው ቁጥር ግን ወጪው ባለበት እንደሚቆም ይገምታል።

የገቢውም ወገን እንዲሁ ነው። በማሸጊያ ላይ የተጻፈው ካሎሪ ሁሉ ወደ ደም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ አንድ ጥናት ሙሉ ለውዝ የበሉ ሰዎች፣ የለውዝ ቅቤ ወይም የለውዝ ዘይት ከተመገቡት ይልቅ ብዙ ስብ በሰገራቸው እንደሚያወጡ አሳይቷል። ለውዙ ያው ለውዝ ነው፤ መፈጨቱና አለመፈጨቱ ግን ሒሳቡን ቀየረው።

ምግቡ ራሱ ምን ያህል እንድንበላ ያዘናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 20 ሰዎችን አስገብተው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። የሁለቱም ማዕድ ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና አሰር እኩል ተደርጎ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰዎቹ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ አንድ ኪሎ የሚጠጋም ጨመሩ። ብስኩትና ለስላሳ በኪሱ ይዞ የሚያጠና ተማሪ «ራሴን መግዛት አቃተኝ» ብሎ ራሱን ከመውቀሱ በፊት ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ጎተራው ለምን ጎደለ?

የእኛን አገር ሰው የሚያስማማ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ነጋዴ የሰሊጥ መጋዘኑ ውስጥ 400 ኩንታል አስገብቶ ከወር በኋላ 360 አገኘ እንበል። «ለምን ጎደለ?» ብሎ ሲጠይቅ ጸሐፊው «ከገባው የወጣው ስለበለጠ ነው» ቢለው ምን ይለዋል? መልሱ ሐሰት አይደለም። ነጋዴው ግን ማወቅ የፈለገው ሌባ ይሁን፣ አይጥ ይሁን፣ ጆንያው ተቀዶ ይሁን፣ ወይስ ራሱ የሸጠውን ረስቶ ይሁን ነው። መድኃኒቱ የሚለየው በዚያ ነውና። ለሌባ ዘበኛ ይቀጠራል፣ ለአይጥ ድመት ይገባል፣ ለተቀደደው ጆንያ መርፌና ክር ይፈለጋል።

የሰውነት ክብደትም እንዲሁ ነው። አስቦ ምግቡን የቀነሰ ሰው ይከሳል። ሐዘን የገባው ይከሳል። ስኳር በሽታ የያዘው እየበላ ይከሳል። ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ የታይሮይድ እጢ ሕመም ያለበት ይከሳል። በሁሉም ላይ «ከገባው የወጣው በልጧል» የሚለው እውነት ነው። ሁሉንም እኩል ስለሚያብራራ ግን አንዱንም ከሌላው አይለይልንም።

የአብደራፊ ክሳት

አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የሱዳን ድንበር ቅርቧ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትባቸው ሰፋፊ እርሻዎች በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው እጅግ ብዙ ወጣት ይጠራሉ። ወጣቱ ሜዳ ላይ ይተኛል፣ ግራር ሥር ያርፋል፣ በዋልካው ስንጥቅ አጠገብ ያድራል። እዚያ ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማትሰማ የአሸዋ ዝንብ አለች። ንክሻዋ ሌሽማንያ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ታስተላልፋለች፤ በሽታው ካላዛር ይባላል።

የካላዛር ምልክቶች የታወቁ ናቸው፦ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ የደም ማነስ፣ እና ግልጽ የሆነ ክሳት። ሳይታከም ከቀረ ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

ይህ ክሳት ከየት ይመጣል? እስቲ ካሎሪ ቆጣሪው በሚወደው መንገድ እንየው። አንደኛ፣ ትኩሳት ራሱ ነዳጅ ይበላል። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእረፍት ፍጆታ በአሥር ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ተኝቶ 1,600 ካሎሪ የሚያቃጥል ወጣት ሙቀቱ 39 ዲግሪ ሲደርስ ከ300 በላይ ካሎሪ ይጨመርበታል፤ ሳይነሣ፣ ሳይሠራ። ሁለተኛ፣ ሰውነት ከበሽታው ጋር ሲዋጋ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፣ ጡንቻንም ያፈርሳሉ። ሦስተኛ፣ ያበጠው ጣፊያ ጨጓራን ስለሚጫን ሰውየው ሁለት ጉርሻ ጎርሶ «ጠገብሁ» ይላል።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው ሞላ፤ ገቢው ቀነሰ፣ ወጪው ጨመረ። ነገር ግን ለዚህ ወጣት «ካሎሪህን ጨምር» የሚለው ምክር አያድነውም። ምግብ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። በጣም የመነመነ ሕመምተኛ የመሞት አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ የሕክምና ማዕከሎች ከመድኃኒቱ ጋር አልሚ ምግብ ይሰጣሉ። ሆኖም ተሕዋሱ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ማብላት ብቻውን የተቀደደ ጆንያ እንደመሙላት ነው።

ሌላም ነገር አለ። እጅና እግሩ እየመነመነ የዚህ ሰው ሆድ ይገፋል። ከልብስ በላይ ያየው ሰው «ሆድ አወጣህ፣ ተመቸህ» ሊለው ይችላል። ሚዛኑም ያበጠውን ጣፊያ ከጡንቻ ለይቶ አይመዝንም። ሚዛን ላይ የሚታየው አንድ ቁጥር ነው፤ በውስጡ ስብ፣ ጡንቻ፣ ውኃና እብጠት ተቀላቅለዋል።

ምክንያቱን ማሳሳት ምን እንደሚያስከፍል ክልላችን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም አካባቢ የካላዛር ወረርሽኝ ተለየ። በሽታው ቀድሞ በዚያ ደጋ አይታወቅም ነበርና መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። በቆላው ሠርተው የተመለሱ ወጣቶች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። ወባ ነው ተብሎ በወባ መድኃኒት የዘገየ ሰው እየመነመነ ቀኑ ሄደበት። ዛሬ ደግሞ «ጾም ነው፣ ሥራ ነው፣ ካሎሪ ነው» ብሎ ማዘግየት ይቻላል። ስሙ ተለወጠ እንጂ መዘግየቱ ያው ነው።

ደግሞ ከሩቅ አገር ብቻ እንዳንጠብቅ፣ ለዚህ በሽታ መልስ የተገኘው ከዚሁ ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአብደራፊ ለረጅም ዓመታት ካላዛርን ሲያክም ኖሯል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የሌሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ካላዛርና ኤችአይቪ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ሕክምናው እጅግ ከባድ ነው፤ ይህ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሌላው ዓለም በበለጠ ይታያል። ከእ.ኤ.አ. 2014 እስከ 2017 በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደ የሕክምና ጥናት ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት የተሻለ መሆኑን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ሕክምና በመመሪያው ውስጥ አስገባ። ዓለም የተማረው ከእኛው ቆላ ሕመምተኞች ነው። እኛ ልጆቹ ሳንማር ብንቀር ያሳፍራል።

ረመዷንና ሚዛኑ

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ካላዛር አብዛኛውን ጊዜ ከንክሻው በኋላ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው የሚታየው፤ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በክረምት ወርዶ ጥቅምት ላይ ግቢ የገባ ተማሪ ምልክቱ የሚታይበት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ረመዷን በእነዚህ ዓመታት የሚውለው ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ነው። ሁለቱ ገጠሙ። ወንድማችን ሲከሳ፣ ሲደክመው፣ ከኢፍጣር ማዕድ ጥቂት ቀምሶ ሲነሣ፣ ተራዊሕ ላይ መቆም ሲያቅተው፣ ሁላችንም የተዘጋጀ ማብራሪያ አለን፦ «ጾም ነው።» ከዚያም አልፎ «ማሻአላህ፣ ቀጠንክ!» እንለዋለን።

ጾም በእርግጥ ይህን ያህል ያከሳል? በረመዷን ክብደት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ጤነኛ ሰው በወሩ ውስጥ በአማካይ የሚቀንሰው አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱንም ከዒድ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይመልሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ቅናሽ ብዙው ውኃ ነው፤ ሰውነት ያከማቸውን ስኳር ሲጠቀም አብሮት የተያዘውን ውኃም ይለቃልና። ስለዚህ በረመዷን አምስትና ስድስት ኪሎ የቀነሰ፣ ከዒድ በኋላም መቀነሱ ያልቆመ ሰው ጾሙን ምክንያት ሊያደርግ አይገባም።

ጾም ለኪሎ አልተደነገገም። በምግብ ላይ ልክ ማበጀት ግን ከዲናችን ነው፤ ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ የሆድን ሦስት እጅ ስለ መክፈል የመጣውን ሐዲስ አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ሰምተናል። የታመመ ሰው ደግሞ እንዲያፈጥርና በሌላ ቀን እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል። ካላዛር የያዘው ሰው በአብዛኛው ለ17 ቀናት በየቀኑ መርፌ ይወስዳል። እሱ ላይ «ጠንከር በል» የሚል ወንድም መልካም ያደረገ ቢመስለውም፣ አላህ ያቀለለለትን እያከበደበት ነው።

የሚነሣ ተቃውሞ

አንዳንዱ እንዲህ ይለኛል፦ «ይህ ስለ በሽታ ነው። እኛ የምናወራው ስለ ጤነኛ ሰው ነው፤ ለጤነኛ ካሎሪ መቁጠር ይሠራል።» በከፊል ልክ ነው። ክብደቱ የበዛበት፣ ስኳርና ደም ብዛት የሚያሰጋው ሰው የሚበላውን ቢጽፍ ይጠቅመዋል። ሳያውቅ የሚጨምረውን ለስላሳና ሳምቡሳ ያይበታል። መቁጠሪያውን ከስልካችሁ አጥፉ አላልሁም።

ነገር ግን «ጤነኛ ነው» የሚለውን ማን አረጋገጠ? መቁጠሪያው ጤነኛ መሆናችሁን አስቀድሞ ገምቶ ነው የሚጀምረው። ያ ግምት ከደጋው ይልቅ በእኛ ቆላ ቶሎ ይፈርሳል። ጤነኛም ብንሆን፣ የሚኒሶታው 17 ኪሎና የወረቀቱ 35 ኪሎ እንዳሳዩት፣ ቁጥሩ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም። ሱሑር እየዘለለች በቁጥር የምትሰቃይ እህት ቁጥሩ አልወርድ ሲላት ጥፋቱ የሷ እየመሰላት ራሷን ትጎዳለች። ለሷም «አለቀ» የሚለው አባባል በደል ነው።

ምን እናድርግ?

አካላችን አማና ነው። የወንድማችንም አካል በከፊል የእኛ አማና ነው፤ አንድ ዶርም የሚያድር ሰው ከቤተሰብ ቀድሞ ያያልና። ስለዚህ ማኅበራችን በዚህ ዓመት አራት ነገር እንዲለምድ አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ሰው ሲከሳ ከማድነቃችን በፊት እንጠይቅ፦ «አስበህበት ነው ወይስ ሳታስበው?» አስቦ ከሆነ አላህ ይርዳው። ሳያስበው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሳይፈልጉ በስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውስጥ ከክብደት አምስት ከመቶ በላይ መቀነስ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ ሦስት ኪሎ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውየውም ወደ መተማ፣ አብደራፊ፣ ቋራ ወይም ሑመራ ቆላ ወርዶ ከነበረ፣ ክሊኒክ ሲገባ «ቆላ ነበርሁ» ብሎ ራሱ ይናገር። ሐኪሙ ሁልጊዜ አይጠይቅም። ለካላዛር ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳልም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሐኪም የኤችአይቪ ምርመራ ሲያዝ በጀመዓችን ውስጥ ሹክሹክታ አይነሣ። በዚህ አካባቢ ካላዛር የተገኘበት ሰው ሁሉ ይህን ምርመራ ማድረግ አለበት፤ ሕክምናው ይለያያልና። በወሬ የተሸማቀቀ ወንድም ሳይመረመር ቢሞት የወሬኛው ድርሻ ምን ያህል ነው?

አራተኛ፣ በክረምቱ ለሥራ የምትወርዱ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ፤ ቀዳዳው የደቀቀና መድኃኒት የተነከረ ቢሆን ይመረጣል። የአሸዋ ዝንብ ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን ትነክሳለች። ግራር ሥርና በተሰነጠቀ ዋልካ ላይ ከመተኛት ተቆጠቡ። ለአንድ አጎበር የሚወጣው ብር ከ17 ቀን መርፌና ከሚቃጠል ሴሚስተር በጣም ያንሳል።

ካሎሪውን የሚቆጥር ይቁጠር። ሳያስብ የሚከሳ ወንድም ወይም እህት ስታዩ ግን ቁጥሩን ተዉትና አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ጠይቁ፣ ክሊኒክ አብራችሁ ሂዱ። የታመመን መጠየቅ በሙስሊም ላይ ያለ የወንድሙ ሐቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ታማሚው ራሱ መታመሙን ሳያውቅ ሲሆን ደግሞ ጥየቃው የሚጀምረው ከእኛ ነው።